ስንጥቁ ድሮም ነበረ

ኮምቦልቻ፣ እናቴ ቤት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲጣድ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከባልቲሞር ከተማ የላከችው የድምፅ መልእክት ስልኬ ላይ ደረሰ። እናቴ የልጅ ልጇን ድምፅ ከመስማት የምታስቀድመው ነገር ስለሌለ ስኒዎቹን እንዳሉ ትታ ስልኩን ወደ ጆሮዋ እንዳስጠጋላት ጠየቀችኝ። ልጅቱ ስለ ሥራዋና ስለ ብርዱ ካወራች በኋላ፣ ለተከራየችው ቤት ባለቤት አንድ ደብዳቤ መምጣቱን፣ በደብዳቤውም ላይ ከቤቱ ሥር፣ ከመሬት በታች በጥልቀት፣ የባቡር ዋሻ እንደሚያልፍ መጻፉን፣ የሰፈሩ ሰውም በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ሲሟገት መቆየቱን እየሳቀች ነገረችን። እናቴ አልሳቀችም። «ግድግዳው ቢሰነጠቅ ማን ይጠየቅላታል?» አለች፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ከጎናችን ተቀምጠው ፈንዲሻ የሚዘግኑት፣ በመንገድ ሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡትና ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ፎርማን» የሚላቸው ጎረቤታችን ግን ነገሩ ከት አድርጎ አሳቃቸው። «እኛ ሐዲዱ ተዘርግቶልን ባቡሩን አጥተን ቁጭ ብለናል፤ እነሱ ባቡር መጣብን ብለው ይጮኻሉ። ጥጋብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!» አሉ። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት እኔም በልቤ ከሳቸው ጋር ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሳቤ መለወጡ፣ የለወጠውም ከባልቲሞር የመጣ ማስረጃ ሳይሆን እዚሁ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ስንጥቅ መሆኑ ነው።

የጋሼ ፎርማን ምሬት ምክንያት አለው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር የከተማው ሰው የቤቱን ዕቅድ ሁሉ ከባቡሩ ጋር አያይዞ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅም ተስፋው ጨመረ፤ ፋብሪካ ካለ፣ ደረቅ ወደብ ካለ፣ ባቡር ከመጣ፣ ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? ይሁንና መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ የኃይል አቅርቦቱ ሳይሟላ ጊዜው ነጎደ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው፣ ባቡር አንፈልግም የሚል ሌላ ሰው ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም። ደግሞም የደሴ ሰዎች ባቡሩ ኮምቦልቻ ቀርቶ ወደ እነሱ አልወጣም ብለው ሲያኮርፉ ኖረዋል፤ ይህንንም ጋሼ ፎርማን ሲያስረዱ ደስ ይላል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ መኪና ሐረጎ የሚባለውን ዳገት እየተጠማዘዘ ሊወጣው ይችላል፣ ጭነት የጎተተ ባቡር ግን በየ100 ሜትሩ ሁለት ሜትር ተኩል እንኳ ሽቅብ መውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ባቡር ተራራ ሲገጥመው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ይዞራል፣ ወይ ይበሳዋል።

መብሳት ያልኩት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ ያውቀዋል። ልጅ ሳለሁ አውቶቡሱ ጉሙን ሰንጥቆ ወደ ጨለማው ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይል ነበር፤ በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ደግሞ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። ስንት ጊዜ እንዳለፍኩበት ቁጥሩን አላውቀውም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ግን ከላዬ ማን እንደሚኖር፣ ከብት ይሰማራ እንደሆነ፣ ምንጭ ይፈልቅ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ተሳፋሪ ስለ ዋሻ የሚያውቀው ሁለቱን አፎች ብቻ ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ላይ አያግዘንም። አማርኛ ተፈጥሮ የሠራውንም ሰው የፈለፈለውንም «ዋሻ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራል። ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወሎዬ ዋሻ ሲባል የሚታየው መሸሸጊያ፣ መናኝ፣ ጠበል ነው። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ እንዳወረደች ያሰበችው የእኛው ዋሻ ከልጅቱ አልጋ ሥር ክፍት ሆኖ እንደሚቀመጥ ነበር። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ ጠራቢው ከጣራው ጀምሮ ወደ መሠረቱ ወረደ፣ ከላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሥራውን አየ። የዛሬው ዋሻ ቆፋሪ ማሽን ከጎን ገብቶ ከጎን ይወጣል፤ ከላይ ያለው ሰው ሊያየው ቀርቶ መቼ ከሥሩ እንዳለፈ እንኳ የሚያውቀው ከተነገረው ነው። ሰው የማያየውን ነገር እንዲቀበል ሲጠየቅ ሊመዝን የሚችለው የሚጠይቀውን አካል ታማኝነት ብቻ ነው። ስለዚህም ነው የባልቲሞሩ ክርክር ስለ ዋሻው ብቻ ሆኖ የማያውቀው።

አሁን ወደ ባልቲሞር ልሂድ። ከዋሽንግተን ወደ ኒውዮርክ የሚጓዘው ባቡር ሁሉ የሚያልፍበት፣ በምዕራብ ባልቲሞር ሥር ያለው አሮጌ ዋሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጠመዝማዛ በመሆኑ ባቡሩ በሰዓት ወደ 48 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፈዋል፣ ውሃም ያንጠባጥባል። አፄ ዮሐንስ ዙፋን ላይ በወጡ በማግሥቱ ማለት ይቻላል የተከፈተ ዋሻ ዛሬም በቀን የብዙ ሺህ ሰው መተላለፊያ ነው። አምትራክ የተባለው የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት ይህን ለመተካት ሁለት ቱቦ ያለው አዲስ ዋሻ አቀደ፤ በዚህኛው ባቡሮች በሰዓት እስከ 177 ኪሎ ሜትር ሊበርሩ ይችላሉ ተባለ። አጠቃላይ ወጪው ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከፌዴራል መንግሥት እስከ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ተመደበለት። አሮጌው ዋሻ መተካት እንዳለበት በእኔ በኩል ጥርጥር የለኝም፤ 150 ዓመት ያለፈው፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ዋሻ ውስጥ ሰው እያሳለፉ መኖር ከዕለታት አንድ ቀን ዋጋ ያስከፍላል።

አዲሱ ዋሻ ግን በማን ሥር ነው የሚያልፈው? አብዛኛው ነዋሪያቸው ጥቁር በሆነ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ የምዕራብ ባልቲሞር ሰፈሮች ሥር ነው። እነዚህ ሰፈሮች ከመንግሥት ጋር ያላቸው ታሪክ በዚህ ዋሻ አልጀመረም። ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1910 ጥቁሮች በየትኛው መንገድ፣ ነጮች በየትኛው መንገድ መኖር እንዳለባቸው በከተማ ሕግ የደነገገች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ከተማ ናት። በ1970ዎቹ ደግሞ እዚያው ምዕራብ ባልቲሞር ላይ አውራ ጎዳና ይሠራል ተብሎ ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች ከቤታቸው ተነሡ፤ ጎዳናው ግን ሳይጠናቀቅ መሀል ላይ ቆመ፣ ሕዝቡም «የትም የማያደርስ ጎዳና» የሚል ስም አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ እነዚሁን ሰፈሮች ከሥራ ቦታዎች ጋር ሊያገናኝ የታሰበው «ቀይ መስመር» የተባለ የከተማ ባቡር፣ የፌዴራሉ ድጋፍ እጅ ሊገባ በተቃረበበት ሰዓት፣ በግዛቱ አስተዳዳሪ በላሪ ሆጋን ተሰረዘ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ስሌት እንዲህ ነው፤ ቤታችንን ያፈረሰው ጎዳና አላለቀም፣ እኛን ያሳፍር የነበረው ባቡር ተሰረዘ፣ ሌላውን አሳፍሮ በሥራችን የሚያልፈው ባቡር ግን ገንዘብ ተገኘለት። የጋሼ ፎርማንን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራጠርኩት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያለ ባቡር የቀረውን ሐዲድ እኛ እንደምናውቀው ሁሉ እነሱም ያለ መድረሻ የቀረውን መንገድ ያውቁታል።

ለአዲሱ ዋሻ ባርነትን የታገለው የፍሬድሪክ ዳግላስ ስም ተሰጠው። ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1838 ከባርነት ያመለጠው ከባልቲሞር በባቡር ተሳፍሮ ስለሆነ ስሙ ከቦታው ጋር የሚጋጭ አይደለም። ግን ስም ቀላሉ ካሳ ነው። እኛም አገር ሰፈር ከፈረሰ በኋላ የሰፈሩ ስም ለአዲሱ አደባባይ ሲሰጥ አይተናል።

ክርክሩ በጣም የከረረው ሬዘርቯር ሂል በተባለው ሰፈር ነው፤ የከረረውም ስለ ቱቦው ሳይሆን ስለ አየር ማስወጫው ነው። ዋሻ መተንፈስ አለበት፤ እሳት ቢነሳ ጭሱ የሚወጣበት፣ በሰላሙም ጊዜ አየሩ የሚለዋወጥበት ሕንፃ ያስፈልገዋል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ማድረግ ብቻውን ስላልበቃ መካከል ላይ ሌላ ተጨመረ፤ ያም መካከለኛ ሕንፃ በዊትሎክ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ እንዲሆን ታቀደ። ነዋሪዎቹ ከዚህ ምን ይወጣል፣ ልጆቻችን ምን ይተነፍሳሉ ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያው ዕቅድ አራት ቱቦ ነበረው፣ የጭነት ባቡርም ሊያልፍበት ይችል ነበር፤ በኋላ ወደ ሁለት ቱቦ ዝቅ ብሎ ለኤሌክትሪክ የመንገደኛ ባቡሮች ብቻ ተባለ። ዕቅድ አውጪዎቹ ይህን እንደ ማረጋገጫ ያቀርቡታል። ነዋሪው በበኩሉ ዕቅዱ አንዴ ከተለወጠ ሁለተኛ ላለመለወጡ ምን ዋስትና አለን ይላል። ሁለቱንም ሳዳምጥ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የእኛ ተረት ወደ ነዋሪው እንዳደላ ያደርገኛል።

የእኔ መረዳት ይህ ነው፦ ዋሻ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ጥልቅ በሆነበት ቦታ ሳይሆን ወደ ላይ ብቅ በሚልበት ነው። አፉ የት ይሁን፣ ማስተንፈሻው የት ይሁን፣ ከባድ መኪናው አፈሩን በየት ጎዳና ይዞ ይውጣ፣ ጣቢያው የት ይከፈት፤ ፍትሕ የሚለካው በእነዚህ ነው። በምዕራብ ባልቲሞር የሚገኘው የባቡር ጣቢያ ታድሶ ለአካል ጉዳተኞችም የሚመች ይሆናል ተብሏል፣ መልካም ነው። ሬዘርቯር ሂል ግን እንዲደርሰው የታቀደው ጣቢያ ሳይሆን የጭስ ማውጫ ነበር። ባቡሩ አጠገባቸው ቢቆም ኖሮ ስለ ማስተንፈሻው ያለው ክርክር ባይጠፋም ድምፁ የሚቀየር ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ በትንሽ መጠን አይተነዋል። የከተማው ቀላል ባቡር በምኒልክ አደባባይ አካባቢ በመሬት ውስጥ ማለፍ ስለነበረበት፣ የወሎ ጳጳስ የነበሩትና በ1928 ዓ.ም. በጣሊያኖች የተረሸኑት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሣ። ደሴ ላይ ያኔ ስንት ሰው እንደተከፋ አስታውሳለሁ። ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ለሐውልቱ ሲባል አገር ተነጋገረ፤ ተነሥቶ ሲቀመጥም፣ ሲመለስም ሰው ተከታተለው። በዚያው ጊዜ ከመስመሩ ግራና ቀኝ የነበረች የሻይ ቤት የት እንደሄደች ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ትልቅ ስም ያለው ነገር ቦታው ሲነካ ተከራካሪ ያገኛል።

የውጭውን ዓለም ካነሣሁ አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። ባርሴሎና ውስጥ ኤል ካርሜል የሚባል፣ በተራራ ወገብ ላይ የተሠራ የሠራተኞች ሰፈር አለ፤ ገደላማነቱን ስሰማ ያሰብኩት ደሴን፣ ጦሳን ተደግፈው የተሠሩትን ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ለማራዘም በሚቆፈርበት ጊዜ ዋሻው ተደረመሰ፤ ሰው ባይሞትም ከ1,000 በላይ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጡ፣ ሕንፃዎችም ፈረሱ። ሁለተኛው ስዊድን ውስጥ ያለው የሃላንድሶስ ዋሻ ነው። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ የተከፈተው በ2015 ነው፤ ያዘገየው ውሃ ነበር። ዋሻ ተራራ ውስጥ እንደገባ እንደ ቦይ ሆኖ በዙሪያው ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ከላይ ያለው ጉድጓድና ምንጭ ይጎድላል። እዚያ ደግሞ የሚፈሰውን ውሃ ለመድፈን የተጠቀሙበት ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ወንዝ ገብቶ ከብት መረዘ። ስዊድን ደሃ አገር አይደለችም፣ መሐንዲስም አልጎደላትም። ወሎ ላይ ምንጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ከምንጩ ጋር ጠበሉም፣ የከብቱ ውሃም፣ መንደሩም ይነሣል። ስለ ባቡር በሚደረግ ውይይት ላይ ግን ስለ ካሳ ሲወራ እንጂ ስለ ምንጭ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ስለ ስንጥቁ ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ የመንገድ ሥራ ከሰፈራችን በላይ ባለው ኮረብታ የድንጋይ ካባ ተከፍቶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጥሩምባ ይነፋል፣ ልጆች ወደ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ድማሚቱ ይፈነዳል፤ ስኒዎቹ ረከቦት ላይ ይንቀጫቀጫሉ። ሰውም ለመደው። ክረምቱ ሲያልፍ እናቴ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ወለሉ በሰያፍ የሚወርድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየች። ራፖር ጻፊ ዘንድ ሄዳ ማመልከቻ አስጻፈች፤ የሚመለከተው ቢሮ ዘንድ ተመላለሰች፣ እንደማንኛውም ሰው ነገ ተባለች። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ መጥተው ግድግዳውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «እናቴ፣ ይህ ስንጥቅ ድሮም ነበረ፤ የጭቃ ቤት ባሕርይ ነው» አሉ። እናቴ አልነበረም አለች። «እንግዲያው አለመኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርቡ» አሏት።

እኛም ማስረጃ ፍለጋ የፎቶ አልበም አገላበጥን። ያ ግድግዳ የሚታይበት አንድ ፎቶ ብቻ ተገኘ፤ የእህቴ የሠርግ ፎቶ ነበር። ሙሽሮቹ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመዋል፣ ግድግዳው ግን ለሠርጉ ተብሎ ከጥግ እስከ ጥግ መጋረጃ ተጋርዶበት ነበር። ከጨርቁ በስተጀርባ ያለውን የዚያን ቀን ግድግዳ የሚመሰክር አልተገኘም። እናቴ የዚያን ጊዜ በሳቅ ፈረሰች፣ በኋላ ግን ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። ስንጥቁን ራሳችን በጭቃ መረግነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይከፈታል።

ባለሙያውን አልወቅሳቸውም፤ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ነገሩ የሚያናድደኝ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ጥፋቱ በቀጥታ በአቅመ ደካማው ላይ መውደቁ ነው። መፍትሔው ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በከተማ ሥር ዋሻ በሚቆፈርባቸው ብዙ አገሮች ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በመስመሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቤት ይጎበኛል፣ ያለው ስንጥቅ ሁሉ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ባለቤቱ ይፈርምበታል፤ በቁፋሮው ጊዜም ንዝረቱንና የመሬቱን መስመጥ የሚለኩ መሣሪያዎች ይተከላሉ። ከዚያ በኋላ «ድሮም ነበረ» የሚል ሰው መዝገብ ይከፍታል እንጂ በጣቱ አይዳስስም። ይህ ከዋሻው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቢሆንም ሳይጠየቅ የሚያደርገው የለም፤ ጠያቂው ደግሞ ሁልጊዜ «ልማት የሚያደናቅፍ» የሚል ስም ይሰጠዋል።

ሕጉስ? በአሜሪካ የቤት ባለቤት ከቤቱ ሥር ባለው መሬት ላይም መብት አለው፤ ስለዚህ ዋሻ የሚሠራው አካል ለመቶዎች ባለቤቶች ገንዘብ ከፍሎ ከሥራቸው የማለፍ መብት መግዛት ነበረበት። ለዚህ ነው ደብዳቤው የመጣው። የእህቴ ልጅ ግን ተከራይ ናት፤ ደብዳቤው በስሟ አልመጣም፣ ገንዘቡም አይደርሳትም፣ ንዝረቱና የአፈር መኪናው ብቻ የጋራ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከአልጋህ ሥር ለማለፍ ፈቃድህን የሚጠይቅ ደብዳቤ አይመጣልህም። ካሳ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የገጠር መሬቱ በቋሚነት የሚወሰድበት ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ይታሰብለት ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ይህን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው። እነዚህ አዋጆች በዋነኛነት የሚያዩት ግን መሬቱ የሚወሰድበትን ሰው ነው። የወሰን ማስከበር ሥራ የሚባለው በችካል ውስጥ የገባውን ይቆጥራል። ከችካሉ ሁለት ሜትር ወጣ ብሎ የቀረው፣ ቤቱ ያልፈረሰው ግን የተሰነጠቀው፣ እሱ በየትኛው ዓምድ ላይ ይጻፍ? ባልቲሞርና ኮምቦልቻ በሕግ የማይገናኙ ቢሆኑም በዚህች ዓምድ ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ቦታ ሳይነሣ የሚጎዳ ሰው ቅጽ የለውም።

ስለ ስብሰባ ደግሞ አጭር ነገር ልበል። እኛ ዘንድ ሕዝብ የሚጠራበት መድረክ ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ይባላል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ግንዛቤው አንድ ወገን እጅ ላይ ያለ፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ነገር ነው። እዚያም ቢሆን ሕዝብ የሚጠራው መስመሩ በካርታ ላይ ከተሰመረ በኋላ ነው ይላሉ የእህቴ ልጅ ጎረቤቶች። በወሎ ባህል ጠብ ሲበርድ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ሽማግሌዎችን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ዱኣ ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ተበዳዩ የሆዱን ይናገራል፤ ጊዜ ይፈጃል። ከጓደኞቼ አንዱ ይህን ዘዴ ለባቡር መስመር መጠቀም ቀልድ ነው አለኝ። ይሁን፤ ግን ሃላንድሶስ 23 ዓመት ፈጅቷል፣ ቸኩሎም ዘግይቷል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ፎርማን በሌላ ቀን፣ በሌላ ቡና ላይ አነሣሁባቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እኔ በዘመኔ ብዙ ድማሚት አስተኩሻለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ከፍንዳታው በፊት ዞረን የምናየው ሰው መራቁን ነበር። ግድግዳ አይተን አናውቅም፤ እይ ያለንም የለም» አሉ። ዋሻው መሠራቱን ግን እስከ ዛሬ አይቃወሙም። እኔም አልቃወምም። ከሳቸው ጋር የምንለያየው የሚጮኸው ሰው ጠገበ ወይስ ካለፈው ተማረ በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይም ቢሆን አሁን ድምፃቸው ቀንሷል።

እናቴ ግን ከማንኛችንም ቀድማ ሥራ ጀምራ ነበር። በዚያው በመጀመሪያው ዕለት፣ መልእክቱ እንዳለቀ፣ ልጅቱ የክፍሏን አራት ግድግዳ፣ ጣራውንና ወለሉን ጭምር አንድ በአንድ ፎቶ እንድታነሣ፣ የተለጠፈ ሥዕልና የተሰቀለ ልብስ ካለ አውርዳ ባዶውን እንድታነሣ አዝዛት ነበር። ልጅቱ ለአያቷ ስትል አደረገችው። ፎቶዎቹ ሲደርሱ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው፤ በአራተኛው ላይ ቆመች፣ በሁለት ጣቷ ምስሉን አሰፋችው።

«ይቺ መስኮቱ ጥግ ላይ ያለች ቀጭን መስመር ምንድን ናት?»

መልሱ ወዲያው በድምፅ መጣ፦ «እሷማ ስገባም ነበረች፣ እማዬ፤ ድሮም ነበረች።»

«እንግዲያው» አለች እናቴ፣ «እሷን ለብቻዋ አንሺያት። አጠገቧ ሳንቲም አስቀምጪና አንሺያት፣ ስፋቷ እንዲታይ።»